የጠመመችው ቅጠል

ፊደል አልቆጠርኩም፤ በመስመር ግን ማንም አያታልለኝም፤ አርባ ዓመት የሰው ቀሚስ ጠልፌአለሁ። ለመቃብር ድንጋይ የሚሆነውን ባለ ቅጠል መስቀል ራሴ በእርሳስ ስዬ ለድንጋይ ቀራጩ ወሰድኩለት። ጎልማሳው ወረቀቱን ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር በመስመር አወጣው።

«ይቺን ቅጠል ምን አደረግካት?» አልኩት።

«ጠማማ ስለሆነች አቃናኋት፣ እማማ።»

«ማን አቅና አለህ? በጠለፍኩት ሁሉ ላይ አንዷን ቅጠል አጠምማታለሁ። የኔ እጅ መሆኑ የሚታወቀው በሷ ነው። መልሳት!»

እየሳቀ በማውሱ ጎተት አድርጎ አጠመማት። «አይቆጡ። አሁን እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ ከዓመት በኋላም ቢሆን የፈለጉትን እቀይርልዎታለሁ።»

«ከዓመት በኋላም?»

«መቼም ቢሆን፤ እኔ ጋ ይቀመጣል። በሉ፣ የሟችን ስም ይንገሩኝ።»

ነገርኩት፤ ከመስቀሉ ሥር ጻፈው።

«ነፍስ ይማር። ያረፉት መቼ ነው?»

«ቀኑን ባዶ ተወው። ስሙ የኔ ነው» አልኩት።

ማውሱን ለቆ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አፈጠጥክብኝ? ዕድሩ ይቀብረኛል፤ ድንጋዩን የሚያስብልኝ ሰው ግን የለኝም። ሲደውሉልህ ቀኑን አንተ ሙላው። ቅጠሏን ግን እንዳትነካት።»