አንገቱ ውስጥ የተሰፋው ስም

ቀሚሱ አልዘጋ አለ። አልባሿ ዶሪን ከኋላ ሆና መንጠቆውን ደጋግማ ሳበች፤ አሮጊቷ ተዋናይት ትንፋሿን ውጣ ሆዷን ሰበሰበች። ትናንት በሙሉ አዳራሽ ፊት ቃለ ተውኔቱ ጠፍቷት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሦስት ጊዜ ሹክ ተብሎላት ነበር።

«ምን በልቼ ነው እንዲህ የወፈርኩት? ሻይና አንድ ብስኩት ብቻ እኮ ነው!» ብላ ሳቀች።

«እትዬ፣ ዛሬ መድረኩ ቢቀርስ?» አለች ዶሪን አንገቷን ደፍታ።

«የምቀረው ስሞት ነው!»

ቀሚሱን አውልቃ ወደ መብራቱ አዞረችው። ጎንና ጎኑ በአዲስ ክር ጠበብ ተደርጓል። አንገቱ ውስጥ፣ የለባሹ ስም በሚሰፋበት ቦታ፣ የእሷ ስም ተተርትሮ የመርፌ ብሱ ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ «ሃርግሬቭ» ይላል፤ እሷ ስትቀር በቦታዋ ለመጫወት የምትጠባበቀው ወጣት ተዋናይት ስም። ስፌቱን አወቀችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለበሳት እጅ ነው።

«መንገሩ አቃተኝ፣ እትዬ» አለች ዶሪን።

ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ ጥሪው መጣ። «ሚስ ሃርግሬቭ፣ አምስት ደቂቃ ቀርቶዎታል!»

ለጥሪ ምስጋና መመለስ የመድረክ ሰው ወግ ነውና፣ ስድሳ ዓመት የለመደ አፏ ቀደማት።

«አመሰግናለሁ» አለች አሮጊቷ፣ ቀሚሱን እንዳቀፈች።