ለቀቀኝ

የክፍሉ ኃላፊ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ሲሪንጁን ስትሰካበት፣ ነርሷ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ አየች። በገዛ ጥፍር ቀለሟ ያደረገቻት ምልክት ናት። ቀይ ያለበት ውሃ ነው፤ ማስታገሻውን ትናንት በራሷ ክንድ ወግታ ጨርሳዋለች።

መርፌውን የምትጠብቀው በሽተኛ እናቷ ናት። ጠዋት ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል።

«ሲስተር፣ አዲስ ብንከፍትላትስ?» አለች እንደ ምንም ብላ።

«ይሄ ምን ሆነ?» ኃላፊዋ ቀና ብላ አየቻት። «በዚህ ሳምንት ሦስት ሰው መርፌው አልሠራልኝም ብሎኛል። አራተኛ ከመጣ ብልቃጦቹን በሙሉ ለምርመራ ነው የምልከው። የማን እጅ እንዳለበት ያኔ ይወጣል።»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ስለ ሌባ ልጅ ግን የተረተ የለም። ነርሷ ሳታስበው የጋውኗን እጅጌ ወደ አንጓዋ ጎተተች። እናቷ አየቻት። ወር ሙሉ «በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ? ወባ ያዘሽ እንዴ?» እያለች ስትቀልድባት ነው የከረመችው። አሁን ግን አልቀለደችም።

ውሃው ገባ። ኃላፊዋ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። የእናቷ ግንባር በላብ ተጠመቀ፤ ነርሷ ግን የፈራችው ለራሷ ነበር፤ ይህን ስታውቅ አፈረች።

«እማማ፣ ለቀቀዎት?» አለች ኃላፊዋ።

እናቷ መጀመሪያ የልጇን ፊት፣ ቀጥሎ እጅጌዋን አየች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ለቀቀኝ ልጄ። እፎይ! እጅሽ ይባረክ።»

«ተመስገን! እኔ ደግሞ በከንቱ የሰው ስም ላጠፋ ነበር» አለች ኃላፊዋ። ሳቅ እያለች ያንኑ ብልቃጥ ይዛ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞረች። እዚያ ደረቱ የተቃጠለ በያጅ ተኝቷል፤ ፋሻው ሊቀየርለት ነው።

ነርሷ ከአልጋው ልትርቅ ስትል የእናቷ እጅ በአንሶላው ሥር መጥቶ አንጓዋን ጨመደዳት። በሌላ እጇ የአንሶላውን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች።

«አይዞህ ወንድሜ» ትላለች ኃላፊዋ ከወዲያ። «እማማንም ለቋቸዋል።»

ነርሷ እጇን ሳበች። እናቷ አልለቀቀቻትም።