ጥጡ እስኪርስ

የመግሪብ አዛን እንደተሰማ አባትየው ቴምሩን ጎርሶ ቬፑን፣ ያንን የኤሌክትሪክ ሲጋራውን፣ አነሳ። ሲጋራ ከተወ ወዲህም ረመዳን በገባ ቁጥር ቴምሩን እያኘከ ቬፑን ለማጨስ ወደ መኪናው ይወርድ ነበር፤ ሾርባውም ያለ እሱ ይቀዘቅዝ ነበር።

«ዌይት፣ አባ!» ሴት ልጁ እጁን ያዘችው። አዲሱን ኮይል፣ የቬፑን ማሞቂያ ሽቦ፣ የገጠመችለት፣ በሽቦው ውስጥ ያለው ጥጥ ላይም ፈሳሹን ጠብ ጠብ ያደረገችለት እሷ ነበረች። «ጥጡ በደንብ ካልራሰ በርን ያደርጋል፣ ይቃጠላል። አንድ ሰዓት ይፈልጋል።»

ከእናትየው ጋር ሰግደው ገበታ ቀረቡ። ሳምቡሳ እየገመጠ፣ ሳን ሆዜ ስላገኘችው ሥራ በእንግሊዝኛ ስታወራለት በአማርኛ ይጠይቃት ጀመር። በመጨረሻ ልጅቷ ሰዓቷን አይታ ቬፑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ኦኬ፣ አሁን ሬዲ ነው።»

ኮይሉን የሸጠለት የአፕታውን ሰፈሩ ባለሱቅ ግን አስር ደቂቃ እንደሚበቃው ነግሮት ነበር። አባትየው ባዶ ሳህኑን ለሚስቱ ዘረጋ።

«ገና አልራሰም» አለ።