የአዘዞው አውጫጪኝ

የአዘዞዋ ትንሽ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰውነት ማስጠንቀቅ ይወዳሉ። የዚያን ሰኞ ጠዋትም ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰብስበው፣ በኢሜይል የደረሳቸውን ማስጠንቀቂያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው። ከመንግሥት የተላከ የሶፍትዌር ማሻሻያ መስለው የሚመጡ መልእክቶች ቫይረስ ይዘዋልና የከፈተ ወዮለት ይላል።

"ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ከማስጠንቀቂያው ጋር የመጣውንም መከላከያ በገዛ እጃቸው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ጭነው ማኪያቶ ሊጠጡ ወጡ።

ከሁሉም በላይ በጥሞና የሰማችው የመዝገብ ክፍሏ ሐረገወይን ነበረች። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እሷ ደግሞ የምትፈራው በእውነትም ለእናቷ ነው። ዓይናቸው የጠፋውን እናቷን ከደባርቅ አምጥታ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ታኖራለች። ሥራዋ ከሄደ እናቷ የሚመለሱት ወደ ወንድሟ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ምራታቸው "ይቺ አሮጊት መቼ ነው የምትሞተው?" ስትል በጆሯቸው ሰምተዋል።

ግን የፈሪም እጅ ይሳሳታል። ረፋዱ ላይ ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ሰው በመስኮት እየተጣራ ሳለ "አዲስ ማሻሻያ ደርሷል" የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ከፊቷ ዞር እንዲልላት ብላ "እሺ" የሚለውን ነካችው። ጠዋት የተነበበው ትዝ ያላት ከነካችው በኋላ ነው።

ከምሳ መልስ ስክሪኑ ቀላ። "መዝገቦቻችሁ ተቆልፈዋል" ይላል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ታካሚው ሁሉ የትኛውን መድኃኒት ምን ያህል እንደሚወስድ የተመዘገበው እዚያው ውስጥ ነበር።

ከወገራ የመጡ አንዲት ሴት አንገታቸውን በመስኮቱ አስገቡ።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒቴን ረሳሽው? ነጩ ነው እኮ፣ ትንሹ።"

"ትንሽ ይታገሡኝ እናቴ።"

ነጭና ትንሽ ያልሆነ መድኃኒት የት አለ?

አቶ ሰውነት ከፒያሳ የኮምፒውተር ባለሙያ ካስጠሩ በኋላ በሩን አስዘጉ።

"የከፈተው ሳይታወቅ ማንም ከዚህ አይወጣም!"

"አውጫጪኝ በሉኛ" አሉ ዘበኛው አያ ማለደ። የጃናሞራ ሰው ናቸው። "በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ መንደሩ በሙሉ ይወጣል። ሌባው ሳይለይ እቤቱ የሚገባ የለም።"

"ሸጋ! እኛም እንደዚያው ነው የምናደርገው።"

"ዳኛውም ይምላል ታዲያ።"

አቶ ሰውነት ሳቁ። "አስጠንቃቂው እኔ! ምን ብዬ ነው የምምለው?"

ሰዉም አብሮ ሳቀ። አያ ማለደ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ በሩ ተመለሱ።

መሐላው ተጀመረ። ነርሷ በአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ማለች። ጽዳቷም ማለች። የላቦራቶሪው አላምረው ግን "እኔ ለኮምፒውተር ብዬ የፈጣሪን ስም አልጠራም" አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አላምረው በፍላሽ ፊልም እያመጣ በሥራ ሰዓት እንደሚያይ የማያውቅ አልነበረም።

"የማይምል ያደረገው ነው!" አሉ አቶ ሰውነት፤ ስልካቸውን አውጥተው ፖሊስ ጠሩ።

"ኧረ በሕግ! ሚስቴ አራስ ናት፣ ቤት ውስጥ ውኃ የሚያቀብላት የለም" አለ አላምረው።

ሐረገወይን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? እናቷ አሁን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የበሩን ኮቴ እየጠበቁ ነው። በማርያም፣ ዝም በይ አለች ራሷን። ከዚያ አላምረው ለሚስቱ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ አየች።

"እሱ አይደለም። እኔ ነኝ" አለች።

አቶ ሰውነት ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺ? ጠዋት ማስጠንቀቂያውን ቁጭ ብለሽ የሰማሽው?"

"ጋሼ፣ ስለ እናቴ ብለው..."

"ማሻሻያውን የከፈቱት እናትሽ ናቸው? የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ አምጪ!"

እግራቸው ላይ ወደቀች። አቶ ሰውነት ቁልፉን ከእጇ ወስደው አልፈዋት ሄዱ። ተነሥታ ታካሚዎች በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ፣ ከወገራዋ ሴት አጠገብ ተቀመጠች። የሆነውን ያልሰሙት ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

"አይዞሽ ልጄ። አንቺንም ያምሻል ለካ።"

ይህን ጊዜ ነው እንደ ልጅ የተንሰቀሰቀችው።

ባለሙያው አለምነህ በባጃጅ ደረሰ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ዋናው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሲያነብ ቆየ። ፖሊሱም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"አይድከሙ፣ ጥፋተኛዋ ተይዛለች" አሉ አቶ ሰውነት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። "በአውጫጪኝ ነው ያወጣናት።"

"እስኪ ትምጣ።"

ሐረገወይን ገባች።

"ረፋድ ላይ የነካሽው ይህን ነው?"

"አዎ ጌታዬ። እሱን ነው።"

ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተጠጋ።

"ይሄ እውነተኛው ማሻሻያ ነው፤ ምንም የለበትም" አለ አለምነህ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"አሁን ደግሞ ጠዋት ከማስጠንቀቂያው ጋር የመጣውን መከላከያ የጫነውን ሰው ጥሩልኝ።"