ሀይማኖት ጠፍቷል ይላል

«ይሄ መልቀቂያ ሎጎ የለውም። አንቀበልም።»

ቢቸና ነው… አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ። ዓመቱ 2008።

ሴትዮዋ ሀይማኖት ትባላለች። ወረቀቷን መልሳ ተቀበለች… አጠፈችው… ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባሏ ቢያድግልኝ ከሞተ ወዲህ ብዙ አትናገርም። ደንዝዛለች። ለቅሶ ቤት እንኳን እንባ አልወጣትም ብለው ያሟት ነበር።

ሁለቱም ሞጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠሩት። እሷ ጸሐፊ… እሱ የሠራተኛው ፋይል የሚያዝበትን ዳታቤዝ የሠራው ባለሙያ።

እሱ ሲሞት ልጇን ይዛ ወላጆቿ ያሉበት ቢቸና ለመግባት ሥራ ተወዳደረች። አለፈች።

የቀራት ከሞጣ የሥራ መልቀቂያዋን ማስገባት ብቻ ነው… እስከ ሰኞ። ሰኞ ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል።

ዕለቱ ደግሞ ሐሙስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ግንደወይን ላይ ጎማ ሲቀየር ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲነጫነጭ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

ሞጣ ስትደርስ ኃላፊዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ አፈሩ። ችግሩ አዲስ አልነበረም… ሎጎው ከሲስተሙ በሚወጣ ፎርም ላይ መታተም ካቆመ ወራት ሆኖታል።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ቀለም ተቀየረ። ፕሪንተር ተቀየረ። አንዱማ «ወረቀቱ ነው» ብሎ ወረቀቱም ተቀየረ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ…

በቃ በሌላ ኮምፒውተር ጽፈን እንስጣት ያለም ነበር። ግን ከሲስተሙ ውጪ የወጣ መልቀቂያ እንደ ፎርጅድ ስለሚቆጠር ወይዘሮ ይርጋነሽ እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይዛው ሄዳ ዳግም ብትመለስስ?

በመጨረሻ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው አብዱልሐኪም ተጠራ።

ፕሪንተሩን ዞሮም አላየው። ፎርሙን ከፈተ… ሎጎው መቀመጥ የነበረበትን ባዶ ቦታ ነካ ነካ አደረገ… ከዚያ አስረዳቸው። ሎጎው ፎርሙ ውስጥ የለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ፎርም በታተመ ቁጥር ከዚያ ይጠራል።

ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ወይዘሮ ይርጋነሽ ጠየቁት።

ስክሪኑን አነበበ።

«ሀይማኖት የሚባል ኮምፒውተር ነው የሚፈልገው። ሀይማኖት ጠፍቷል ይላል።»

የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አካለ ወልድ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ አያልፉም።

«እሱን ለማወቅማ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል ልጄ… ከጠፋ ቆየ እኮ» አሉ።

ቢሮው ሳቀ።

«ሀይማኖት እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ ከበሩ በኩል።

በሰሙ ስቀው ሳይጨርሱ የቅኔው ወርቅ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው…

ቢያድግልኝ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሲያገናኝ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶ ነበር። ፋይናንስ… ግዥ… መዝገብ ቤት። የራሱን ኮምፒውተር ግን «ሀይማኖት» አለው። ሎጎውንም እዚያው አስቀመጠው።

ሲሞት ጠረጴዛው ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። ሎጎው የጠፋው ያን ቀን ነው… ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

ሀይማኖት ስክሪኑ ላይ ያለውን ስሟን ቆማ አየችው።

«ይሄ ሲስተም ሲሠራ እኮ… ገና አልተጋባንም» አለች።

እውነቷን ነው። ያኔ እሷ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፤ ከሰላምታ በቀር ምንም አልነበራቸውም። ሽማግሌ የላከው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቢያድግልኝ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሷም ዘመዶቹ መርጠውለት ያገባት ይመስላት ነበር… ነግሯት አያውቅም። ጠይቃውም አታውቅም።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከዚያ ቢሮ የተዛወረ፣ ያደገ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ወረቀት ሁሉ… መጀመሪያ እሷን ጠርቶ ነው የታተመው።

ከቀብሩ ወዲህ ያን ጊዜ ገና አመማት።

ኮምፒውተሩን ከግምጃ ቤት አውጥተው ሰኩት። ሎጎው መጣ። መልቀቂያዋ ታተመ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ፈርመው ማህተም አደረጉበት።

አብዱልሐኪም ግን ሥራውን አልጨረሰም። አሮጌው ኮምፒውተር በተዘጋ ቁጥር ሎጎው እንደገና ይጠፋል። ሎጎውን ፎርሙ ውስጥ ካስገባው ደግሞ ችግሩ ለዘለዓለም ያበቃል… ግን ያ ስም ከሲስተሙ ይወጣል፣ ኮምፒውተሩም ወደ ግምጃ ቤቱ ይመለሳል።

የጠየቀው ኃላፊዋን አልነበረም።

«እህቴ… ምን ላድርግ?»

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«አስወጣው» አለች። «ነገም መልቀቂያ የሚፈልግ ሰው ይመጣል።»

አስወጣው።

ሰኞ ጠዋት ቢቸና ወረቀቷን አስገባች። ተቀበሏት። ሥራ ጀመረች።

ይሄን የነገረኝ ሰው ያን ዕለት እዚያ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሰምቼ ስጨርስ ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ… አላውቅም።

ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የምትወዱትን ሰው እሱ በማያይበት ቦታ አትጻፉት… እየሰማ ንገሩት። «ዝምታ ወርቅ ነው» የምትሉም ሰዎች፣ ያን ወርቅ ለማን ልታወርሱት እንደሆነ አስቡበት።

እናንተ በሀይማኖት ቦታ ብትሆኑ… «አስወጣው» ትሉ ነበር? ወይስ ኮምፒውተሩ እንዲሁ በርቶ እንዲኖር ትለምኑ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… አነበዋለሁ።