የደመናው ሣጥን

ዶክተር ሰብለ ከሶዶ የመጣችው ሁለት ነገር ለማጣመር ነበር፤ ከታች እርከንና ችግኝ፣ ከላይ ደግሞ ደመናን የሚያዘንብ መሣሪያ። አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም ትል ነበር። ከሁለቱም በፊት ግን የባለድርሻ አካላት አስተያየት ያስፈልጋል። ባለድርሻ አካላት የተባሉት ከቦምቤ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ሥር ያሉ ገበሬዎች ናቸው።

ስብሰባው ላይ አንድ የተቆለፈ የቆርቆሮ ሣጥን አሳየቻቸው። የጨው ጭስ ወደ ደመና እየላከ ያዘንባል ተብሎ ተነገራቸው። ጥጋቡ የሚባል ገበሬ እጁን አወጣ።

«ዶክተር፣ ዝናብ ሲቀር እግዚአብሔርን እንለምናለን። ይሄ ነገር ካጠፋ ማንን እንጠይቃለን?»

ሰብለ አመሰገነችው። የቀሩት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ብለው አጉረመረሙ፤ ሲያልቅ ግን አጨበጨቡ። ስብሰባ አልቆ አለማጨብጨብ ነውር ነው።

ለሣጥኑ ጠባቂ ተፈለገ። የጥጋቡ ሚስት ወንድም ኢሳይያስ ሥራ ፈት ስለነበር ተቀጠረ። ሣጥኑን በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ኮረብታው ላይ አወጣው፤ የሣር ጎጆ ቀልሶም አብሮት ተቀመጠ። እንዳይከፍተው፣ ማንንም እንዳያስነካ ሰብለ ቃል አስገብታዋለች። ኢሳይያስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነው፤ ቃል ከሰጠ ሰጠ ነው።

ሰብለ በየሳምንቱ እየመጣች ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ሣጥኑን ስታዩ ምን ይሰማችኋል፣ ማን ይቆጣጠረው፣ ቢያጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ እያለች ትጠይቃለች። ኮረብታው ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣችም።

ከዚያ በረዶ ጣለ። በቆሎውን ቀጠቀጠው፣ የእንሰቱን ቅጠል ተለተለው። አብሮት የወረደው ጎርፍ የጥጋቡን ልጅ ሶልያናን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ወሰዳት። ድንጋይ መሃል ተሰባብራ አገኟት።

ሰብለ ለቅሶ ደረሰች። ጥጋቡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ በረዶው በጣለበት ቀን ሣጥኑ እየሠራ ነበር ወይ?

«ይህን አሁን መመለስ አልችልም» አለች። «ጥናቱ ይበላሻል።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉ የለ። መኪናዋ ገና ከመንደሩ ሳትወጣ ጥጋቡ መቆፈሪያውን አነሣ። ሚስቱ ቦሼ ወንድሜን አትንካብኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ገፍትሯት ወጣ። ለቅሶ የተቀመጡት ወንዶች ዱላቸውን እያነሡ ተከተሉት። በደቦ የወጣ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቆምም፤ ያን ቀንም እንዲሁ ሆነ።

ኢሳይያስ ጎጆው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። እያለቀሰ ነበር፤ ሶልያናን ጀርባው ላይ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ዞር በል» አለው ጥጋቡ።

«አደራ በልቼ የት እገባለሁ? ዶክተሯ ትምጣና ራሷ ታንሣው።»

«ልጄስ ትመጣለች?»

የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን ሰበረው። ከዚያ ዱላና ድንጋይ ወረደበት፤ ያልመታ አልነበረም። ሣጥኑን ለመክፈት ግን የደፈረ አልተገኘም። ነፋሱ ጭሱን ወደማይመልስባቸው ጎን ዞሩና ጎጆውን ለኮሱት። ኢሳይያስ በደም እየተንፏቀቀ ሣጥኑን ሊያወጣ ወደ እሳቱ ገባ። ጣሪያው ላዩ ላይ ወደቀ። ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ጥጋቡ በማግስቱ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። የልጄን ገዳይ ሣጥኑን አቃጥያለሁ፣ ስለ አማቼ ሞት ግን ፍረዱብኝ አለ።

ሰብለ ሶዶ ቢሮዋ ሆና የሆነውን ሁሉ ለኃላፊዋ ነገረችው። እንባዋን መግታት አልቻለችም። እሱ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ያሳዝናል» አለ። «እንኳንም እውነተኛው መሣሪያ ሳይመጣ በባዶ ሣጥን አስተያየታቸውን ጠየቅን።»