የሙኒራ እትብት

መሬት ከጣት ጥልቀት በታች የማዕድን ኩባንያ ከሆነ ወዲህ በስልጤ መንደሮች ጉድጓድ የሚምስ የለም። ቆጮ የሚብላላው በፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ሬሳም በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄዳል። ዶማ ትንሽ ጠለቅ ካለ ኩባንያው ቁፋሮ እንዲጠቁምለት በየአጥሩ ጥግ የተከለው ብረት ይጮኻል። ኩባንያው ለመንደሩ የገባው ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ የታናሽ ልጅ እትብት ከተቀበረበት ግቢ ማንም አይነሳም።

የሸምሱ ልጅ ሙኒራ ተወልዳ እትብቷ የወደቀ ቀን አባቷ ዘዴ አላጣም። የጀሪካን አፍ ቆርጦ አፈር ሞላበት፤ እትብቷን ቀበረና የእንሰት ችግኝ ተከለበት። ፀሐይ ሲከር ወደ ጥላ ለማዛወር እንዲመችም የገመድ ማንጠልጠያ አበጀለት። ጎረቤቱ ሁሉ "አቤት ብልሃት!" እያለ ያንኑ አደረገ።

ችግኙ ጉልበት ሲደርስ የኩባንያው ሰው መጣ።

"ወንድሜ፣ ቦታው ለማሽን ስለተፈለገ ትነሳላችሁ" አለ።

"ወላሂ አንነሳም! የልጄ እትብት እዚህ ተቀብሯል፤ ቃላችሁን አትብሉ።"

"ቃላችንንማ አንበላም። የቱ ጋ ነው የተቀበረው?"

ሸምሱ ኮራ ብሎ ወደ ደጃፉ ጠቆመ። ነገሩ የገባው ከጠቆመ በኋላ ነው፤ እጁን መሰብሰብ እንኳ አቃተው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን አነሳና በተዘረጋው እጅ ላይ አንጠለጠለለት።

"ማንጠልጠያም አበጅተህለታል" አለው። "ጎሽ።"